ከነፀባዩ የተዛወረው ሰፈር

አሻግሬ ጠዋት ጠዋት ከወለደችው እናቱ ቤት ይወጣና፣ በጨው የገዛችው እናቱ ግቢ ገብቶ ውሃ ይቀዳል። ሁለቱን ግቢዎች የሚለያቸው ወገቡ የጎበጠ የጭቃ ግንብ ነው። ከግንቡ ጥግ አስታዋሹ ቆሟል። ሰው የሚያህል ግራጫ ምሰሶ ነው፤ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉንም አንቱ ይላል።

«የወይዘሮ ማኅሌት ልጅ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የዛሬ ድርሻዎ አንድ ጀሪካን ነው።»

አሻግሬ ጀሪካኑን ሞልቶ፣ ግንቡን ዞሮ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ማኅሌት ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ቤቷ ወና ነው፤ ቧንቧዋ ግን ልጇን ያውቀዋል።

የወፍጮ ሰፈርን ታሪክ ላልሰማ ይሄ ግራ ያጋባል። ወፍጮ ሰፈር ከወይራ አምባ ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ተለጥፎ የቆየ ሰፈር ነው። ወፍጮው ዛሬ የለም። ተቃጠለ የሚሉ አሉ፤ ባለቤቱ ነቅሎ ሸጦት ጠፋ የሚሉም አሉ። ስሙ ግን ቀረ፤ መቼም በኛ አገር ከወፍጮ ይልቅ ስም ይበረክታል። ከትኩሳቱ ዓመታት በፊት ሰፈሩ እንደማንኛውም ሰፈር ነበር። ይዋደዳል፣ ይተማማል፣ በእድር መዋጮ ይጨቃጨቃል። ትኩሳቱ መጣና ጨቅላ ጨቅላውን እየመረጠ ወሰደ። የዚያን ጊዜ እናቶች ስልክ በእጃቸው ይዘው ያደጉ፣ ቃልኪዳን፣ ማኅሌት፣ ሜሮን የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። ክትባቱ ዛሬ ይደርሳል ነገ ይደርሳል ሲባል ልጆቻቸው አለቁ። ያኔ ከቅድመ አያቶቻቸው የሰሙትን፣ ሲስቁበት የኖሩትን ዘዴ ከተጣለበት አነሡት።

ዘዴው ይሄ ነው። ልጅ የማይበረክትላት እናት የወለደችውን ለጎረቤት ትሸጠዋለች። ጎረቤት በአንድ እፍኝ ጨው ትገዛዋለች፤ ወዲያው ደግሞ «አሳድጊልኝ» ብላ መልሳ አደራ ትሰጣለች። ሞት የእናቲቱን ልጅ ሊወስድ ሲመጣ እናቲቱ ልጅ የላትም። የያዘችው የሰው አደራ ነው።

ይሄ እንዲሠራ ግን ሰፈሩ በሙሉ መዋሸት አለበት። ስለዚህ የወፍጮ ሰፈር ሰው ልጅ አይቆጥርም፤ ልጅ አያወድስም፤ «ይሄ የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁት የእናቱን ስም አይጠራም። ከታች ከተማው ውስጥ «የወፍጮ ሰፈር ሰው ልጁን በጨው ይለውጣል» ተብሎ ይተረባል። ሰፈሩ ትረባውን ችሎ ዝም አለ። ልጆቹ አድገውለታላ።

ቃልኪዳን አራት ልጆች ቀብራለች። አምስተኛው አሻግሬ ነው። የተሸጠው ክርስትና ሳይነሣ ነው፤ የገዛችው ማኅሌት የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ ግዢውንም እንደ ጨዋታ አላየችውም። በመንገድ ላይ «ልጄ» እያለች ትጠራው ነበር። የወለደችው ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብላው አታውቅም። «ይሄ ልጅ»፣ «የማኅሌት ልጅ»፣ ስትቆጣ ደግሞ «የሰው ጣጣ» ትለዋለች። እሱም «እታለም» ይላታል እንጂ «እማዬ» አይላትም።

የሰፈር ታሪክ ሰብሳቢዎች የመጡት አሻግሬ ጡት ሳይጥል ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ከማን ጎን እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን የማን እንደሆነ እያስወሩ ድምፅ ቀዱ። የቃልኪዳን ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። «እኔ ልጅ የለኝም። ይሄ የማኅሌት ነው፤ በጨው ገዝታዋለች፤ እኔ አሳዳጊ ነኝ» ትላለች። ከጀርባዋ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ቀጥሎ ማኅሌት «የኔ ነው» ትላለች። ቀጥሎ ሰፈሩ በየተራ «እውነት ነው፣ የማኅሌት ነው» ይላል። ሞትን ለማታለል ተማምሎ የዋሸ ሰፈር ለታሪክ ሰብሳቢ እውነቱን የሚናገርበት ምክንያት አልነበረውም። ታሪክ ደግሞ ያኔ ማንንም ሲጎዳ አልታየም።

አሁን ማን የማን እንደሆነ የሚታወቀው አስታዋሹ በያዘው በዚያ ድምፅ ብቻ ነው። ደም መርምሮ ዘር መለየት ከተከለከለ ቆይቷል። ሰው በደም የተለየበት ዘመን ያመጣውን ሁሉም አይቷልና ክልከላውን የተቃወመ አልነበረም። ወረቀትም ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚፈበርከው ነገር ሆነና ተጣለ። የቀረው የጎረቤት አፍ ነው። ሰው ሰፈሩ ነው ያለውን ነው።

ለአሻግሬ ይሄ ሁሉ ለረጅም ዘመን ከጀሪካን መሸከም ያለፈ ጣጣ አላመጣበትም። ከፀሐይ ሳህኖች ላይ አቧራ እየጠረገ ይተዳደራል። ትዳር ይዞ ነበር፤ አልሰነበተም። ሃምሳ ዓመቱን አልፏል። የእናቱ ዓይን ከፈዘዘ ወዲህ ጥፍሯን የሚቆርጥላት፣ እግሯን የሚያጥባት፣ ወጡ ትኩስ መሆኑን ቀምሶ የሚነግራት እሱ ነው። የቤቱ በር የእንጨት ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ ኮረብታው የፀሐይ ሳህን ለሚተከልበት እርሻ ተፈለገ።

ድሮ ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ በዕጣ ይበተን ነበር። አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ ይወድቃል፤ እድሩ ይፈርሳል፤ ሽማግሌ የሚቀብረው ያጣል። አሁን ያ ነውር ነው። ሕጉ ሰፈር ሲዛወር ከነፀባዩ ይዛወር ይላል። ማን ከማን ጎን እንደነበረ፣ የማን ደጃፍ ወደ ማን ደጃፍ እንደሚያይ አስታዋሹ ያውቃልና በሚሰጠው አዲስ ሜዳ ላይ እንደነበረ አድርጎ ይተክለዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናትናኤል ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ከተጣሉ ዘመን አልፏል። አዲሱ ቦታም ላይ ወሰናቸው እንደተጣመመ ተቀይሶ ጠበቃቸው። ሽማግሌው ሄደው አይተው ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር።

ምደባው የተነገረው በአንድ ማለዳ፣ በየግንቡ ጥግ፣ በዚያው ጥርት ባለ ድምፅ ነው።

«የወይዘሮ ቃልኪዳን ቤት፣ ነዋሪ አንድ። ከመጪው ዝናብ በፊት ይዛወራል። የወይዘሮ ማኅሌት ቤት፣ ባለቤቷ በሞት ስለተለዩ ተዘግቷል። ልጃቸው አቶ አሻግሬ፣ ቤተሰብ ከሌላቸው ጋር በቆላው ማረፊያ ተመድበዋል። መልካም መንገድ ይሁንልዎ።»

ቆላው ማረፊያ በመኪና የሁለት ቀን መንገድ ነው። የአዲሶቹ ቤቶች በር ደግሞ የእንጨት አይደለም። የቤቱን ሰው ያውቃል፤ ሌላውን ለሦስት ሌሊት በእንግድነት ያሳድራል፤ በአራተኛው ይሸኛል።

አሻግሬ ጀሪካኑን እንደያዘ ወደ ከተማ ወረደ። መያዙን ያወቀው የዝውውሩ ቢሮ በር ላይ ነው። የተቀበለችው ወጣት ስሟ ድንቅነሽ ይባላል። አያቶች ቃልኪዳንና ናትናኤል በሚባሉበት ዘመን የልጅ ልጆች ድንቅነሽና ይመኙሻል ሆነዋል። ልጅቷ ጀሪካኑን አየት አደረገች። ወንበር ሰጠችው።

«ችግሩ ቀላል ነው፣ አባ» አለችው ነገሩን ሰምታ። «እናትዎ ልጄ ነው ይበሉ። በሰፈሩ ፊት፣ በአስታዋሹ ፊት። ከጎረቤት ሁለት ሰው እውነት ነው ይበልላቸው። አለቀ።»

«እኔ ብልስ? እናቴ ናት ብልስ?»

«እርስዎም ይጠየቃሉ፤ ግን አይቆጠርም። የወለደ ነው እንጂ የሚያውቀው፣ የተወለደ ምን ያውቃል?» አነጋገሯ ቅን ነበር።

«እሷ እንቢ ብትልስ?»

«እናት እንዴት እንቢ ትላለች?»

አሻግሬ ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀመጠ። «ዓይኗ አያይም» አላት። «ብቻዋን ነው የምትሆነው።»

«አይዞዎት፣ አዲሶቹ ቤቶች ጎበዞች ናቸው። ሰው ሲወድቅ ይሰማሉ።»

«ሲወድቅ ያነሣሉ?»

ድንቅነሽ ዓይኗን ጠረጴዛዋ ላይ ጥቂት አንከራተተች። «ለሚመለከተው ይናገራሉ» አለች።

ሲመለስ ጋሽ ናትናኤል ዘንድ ጎራ አለ። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በቢላ ይፍቁ ነበር። ነገሩን ከሰሙት በኋላ ቢላውን አስቀመጡ።

«አሻግሬ፣ እኔ ልናገርልህ? ልናገር። ግን እሷ ትቅደም። እሷ ሳትል እኔ ብቀድምና አንተ አንድ ነገር ብትሆን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ምን እሆናለሁ፣ ጋሽ ናቲ? የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ እኮ።»

«አራቱን ስንቀብር ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛዋን ከቀበርን በኋላ አካፋዬን ከዚያው ጥዬው መጣሁ፤ ለአራተኛው ተውሼ ነው የሄድኩት።» ፊታቸውን ከበረንዳው በታች ወዳለው ገደል አዞሩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚልህ ይሄንኑ ነው፤ አትድከም።»

አሻግሬ ግን ደከመ። ቤት ለቤት ዞረ። ሁሉም አስገብተው አስቀመጡት፤ ሁሉም አዘኑለት፤ ሁሉም «እሷ ትቅደም» አሉት። ሰው ጠልቶህ ሲከለክልህ ትጣላዋለህ። ወዶህ ሲከለክልህ አመስግነህ ከመውጣት ሌላ ምን ታደርጋለህ?

እናቱ ግንቡን ተደግፋ ፀሐይ እየሞቀች፣ በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እታለም።»

«አቤት።»

«የተባለውን ሰምተሻል።»

«ጆሮዬ ደኅና ነው።»

«አንዴ የኔ ነው በይ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ጥሪኝ።»

«ማን ነው የማን?» አለችና አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«ትኩሳቱ ከጠፋ እኮ ትውልድ አለፈ።»

«ትኩሳት ይጠፋል። ላኪው አይጠፋም።»

አሻግሬ ተናደደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይቺ ግን ልጡን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትሸሽ የኖረች ናት። የልጅነቱ ተስቦ ትዝ አለው። ማኅሌት አልጋው ላይ ተደፍታ «ልጄ፣ ልጄ» እያለች ታለቅሳለች፤ እናቱ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ሕመሙ እስኪለቀው አልዞረችም። ያንን ጀርባ ጠልቶት ነበር። አድጎ ለምን እንደሆነ ገባው፤ መግባቱ ግን ጥላቻውን አልፋቀለትም። አንድ ቀን «ልጄ» ስትለው መስማት ይፈልጋል። ለቤቱም ለምኑም ሳይሆን እንዲሁ። ይሄን አውጥቶ ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው ያሳፍራል።

«አራቱን ልጄ ብያቸዋለሁ» አለች ቃልኪዳን፣ ሳይጠይቃት። «የመጀመሪያውን ስጠራው አፌ ሞልቶ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማኝ። ሁለተኛዋን ቀስ ብዬ ጠራኋት። አራተኛውን በሹክሹክታ ነበር፣ ጆሮው ላይ። ላኪው ይሄንንም ሰማ።»

«እኔ አላምንበትም፣ እታለም።»

«አንተ አትመን። አንተ ኑርልኝ።»

«አንቺንስ ማን ያይሻል?»

«እኔን ማየት ምን ይሠራል?»

ያን ጊዜ ነው አሻግሬ የዋሸው። የውሸት ሰፈር ልጅ ነውና ብዙ አልቸገረውም። «ቆላው ትኩሳት አለበት» አላት። «የሄደ ሁሉ አይከርምም ይላሉ።»

ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

«ትኩሳት?»

«ትኩሳት። ያው የድሮው ዓይነት።»

ሰፌዱን በሁለት እጇ ጨበጠች። አሻግሬ ፊቷን ለማየት አልደፈረም። ለአንዱ ሞት ልትሰጠው ወይስ ለሌላኛው፣ በዚያ ደካማ ጭንቅላቷ ሁለቱን እየመዘነች እንደሆነ ያውቃል። ያደረገው ነገር ደግ እንዳልሆነም ያውቃል። በመጨረሻ ሰፌዱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና «እሺ» አለች። «እላለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ አሻግሬ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ ሽር ጉድ አለ። ቢሮ ሄዶ ለድንቅነሽ ነገራት፤ ጋሽ ናትናኤልን አሳሰበ፤ የእናቱን ቀሚስ አጠበ። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ድምፁን ቀነሰ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት እጁን ሁለቴ ይጨብጡት ጀመር፤ በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል።

ሰፈሩ ሳይዛወር ታሪኩን የሚያጸድቅበት የቃል መስጫው ቀን ደረሰና ሰው በእድሩ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። ከአስታዋሹ ምሰሶዎች አንዱን ነቅለው ከመካከል አቁመውታል። ድንቅነሽ ከጎኑ ቆማለች። ቤቶች በየተራ ይጠራሉ፤ ባለቤቱ ይነሣል፤ የሰፈሩ ታሪክ ስለ እሱ የሚለው ይነበብለታል፤ «እውነት ነው» ይላል፤ ይቀመጣል። የማን ዛፍ ለማን እንደሚያጠላ፣ ማን ለማን ክርስትና እንዳነሣ፣ ማን በማን ሠርግ ሰክሮ ከግንብ እንደወደቀ ሁሉ ተነበበ። ሰው ይስቅ ነበር። ሰፈሩ ደስ የሚል ሰፈር ነበር፤ ሲነበብ የበለጠ ያምር ነበር።

«ወይዘሮ ቃልኪዳን» አለ አስታዋሹ።

አሻግሬ ደግፎ አስነሣት። ሳቁ ቆመ።

«የቀድሞ ቃልዎን ለማረም ጠይቀዋል። አቶ አሻግሬ የማን ልጅ ናቸው?»

ቃልኪዳን በፈዘዘ ዓይኗ ድምፁን ፈለገችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «አትዋሽም ይሉሃል።»

«አልዋሽም።»

«ያ ቆላ ትኩሳት አለበት ወይ?»

አሻግሬ ክንዷን ያዝ አደረገ። «እታለም፣ መልሺለት እንጂ...»

«ማረፊያው ጤናማ ነው» አለ አስታዋሹ። «ከተከፈተ ጀምሮ በትኩሳት የሞተ ሰው የለም። አየሩ ደረቅ ነው። ሐኪም አለው።»

አሻግሬ ክንዷ ሲላላ ተሰማው። እነዚያን ሁሉ ቀናት ወጥሮ የያዛት ነገር ከትከሻዋ ወረደ። ፊቷን አየው፤ ደስ ብሏታል። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም።

«እንግዲያው የማኅሌት ልጅ ነው» አለች ጮክ ብላ። «የሰው አደራ ነው፤ አሳድጌ አስረክቤአለሁ። ይሂድ።»

«ጎረቤቶች ምን ይላሉ?»

ጋሽ ናትናኤል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አሻግሬን አላዩትም። «እውነት ነው» አሉ። «የማኅሌት ነው።»

«እውነት ነው» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «እውነት ነው» አለ ሌላው። ድንኳኑን ዞረው ሁሉም አሉ፤ አንድም አልቀረ። ድንቅነሽ ብቻ ምን እየሆነ እንዳለ ግራ ገብቷት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ትመለከት ነበር።

«አቶ አሻግሬ» አለ አስታዋሹ፣ ሥርዓቱ ነውና። «እርስዎስ?»

ሊጮህ ይችል ነበር። እናቴ ናት፤ ይሄው አፍንጫዬ፣ ይሄው አፍንጫዋ ሊል ይችል ነበር። እንደማይቆጠር ተነግሮታል። ቢናገር የሚያተርፈው እናቱ ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እሱ የሞተበትን ሕልም እያየች እንድትኖር ነው፣ በማታውቀው ቤት፣ ብቻዋን። እጇ ክንዱን ጨምድዳ ይዛው ነበር። የምትፈራው እሱን ነው፤ እንዳያበላሽባት።

«የእማ ማኅሌት ልጅ ነኝ» አለ።

እናቱ በረጅሙ ተነፈሰች። እጇን አንሥታ ጉንጩን ዳበሰችው።

«ጎሽ፣ የኔ...» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከኋላ የተቀመጡት ተነሥተው ቆሙ።

«ወይዘሮ ቃልኪዳን፣ ቃልዎ አልተጨረሰም» አለ አስታዋሹ። «የእርስዎ ምንዎ?»

ድንቅነሽ አንድ እርምጃ ቀረበች። ጋሽ ናትናኤል ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሻግሬ እንደ ሕፃን አፏን አፏን እያየ ቆመ። ቃልኪዳን ነጠላዋን በሁለት እጇ አፏ ላይ ጨምቃ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ እንባዋ በጣቶቿ መካከል ይወርዳል፤ አልተናገረችም። አስታዋሹ የተፈቀደውን ጊዜ ያህል ጠበቃት። ከዚያ የሚቀጥለውን ቤት ስም ጠራ።